ፀሐይን የማይፈራው ሌንስ

ኦኔሊያ ቂም ስትይዝ አትጮህም። እኛ የወደብ ከተማችን ሲየንፉዌጎስ ውስጥ ሴት ከተናደደች ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ድስት ይወረወራል፣ ዘር ማንዘር ይጠራል፣ ማታውኑ ደግሞ ስኳር መበዳደሩ እንደ ድሮው ይቀጥላል። ኦኔሊያ ግን ጭጭ ነው። አንዲት ሴትዮ ዳቦ ሰልፍ ላይ ተራዋን ቀማቻት። ምንም አላለቻትም። ሴትዮዋ ግን ሰዓቷን ልታሠራ በመጣች ቁጥር "ዕቃው አልገባም" እያለች መለሰቻት፤ ምስኪኗ ዕድሜዋን ሙሉ ስንት ሰዓት እንደሆነ መንገደኛ ስትጠይቅ ኖረች። እንዲህ ዓይነት ሰው ናት። ክፉ ናት አልልም፤ ክፉ የሆኑባትን የማትረሳ ናት።

ሥራዋ በመንግሥት የጥገና ቤት ውስጥ ነበር። ሰዓት፣ መነጽርና ራዲዮ የሚጠገንበት ጠባብ ቤት ሲሆን ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ የካሜራ ነበረች፣ እሷም የኦኔሊያ። በዚያን ጊዜ ከትሪኒዳድ ከተማ እስከ ሳንታ ክላራ ቢፈለግ ሌንስ በትክክል ፈትቶ በትክክል የሚገጥም ሌላ ሰው አልነበረም። አሉ የሚባሉትም ገጥመው ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋቸዋል።

ባሏ አርሴኒዮ ፎቶ አንሺ ነበር። ጎበዝ ነበር ብዬ አላጋንንም። ሰው ሲያነሳ ቀልድ ስለሚያበዛ ካነሳው ፎቶ ግማሹ ላይ የሚታየው ጥርስ ብቻ ነው። ሌንስ ግን ነበረው። ስኳር ሊጭን ወደባችን የመጣ አንድ ጀርመናዊ መርከበኛ ካሜራው ወድቆበት ኦኔሊያ ጠገነችለት፤ አርሴኒዮ ደግሞ ቤት ወስዶ የአሳማ ጥብስና የተጠበሰ ሙዝ እስኪበቃው አበላው። ሰውየው መርከቡ ላይ ሊወጣ ሲል ከሻንጣው አንድ ሌንስ አውጥቶ አርሴኒዮ መዳፍ ላይ አስቀመጠና ጣቶቹን አጠፈለት። የአርሴኒዮ ካሜራ የሶቪየት ነው፤ ሌንስ የሚታሰርበት ጥርሱ ግን ከጀርመን የተቀዳ ስለሆነ ልክክ ብሎ ገጠመ።

የእኛ አገር ፀሐይ ለፎቶ አንሺ ጠላት ናት። ተራ ሌንስ ወደ እሷ ካዞርክ ያብዳል። ፊልሙ ሲታጠብ ሁሉም ነገር ነጭ ጉም ለብሶ ይወጣል፣ ጥቁሩ አመድ ይመስላል፣ መሐሉ ላይ ክብ ክብ የብርሃን ነጠብጣብ ይደረደራል፣ የተነሳው ሰው የት እንዳለ በጸሎት ነው የምትፈልገው። ስለዚህ ፎቶ አንሺ ሁሉ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተነሺውን ፀሐይ ፊት ያቆመዋል። የዚያ ዘመን የሠርግ ፎቶ ላይ ዓይኗ የተገለጠ ሙሽራ ፈልገህ አታገኝም።

የአርሴኒዮ ሌንስ ግን ፀሐይን ፊት ለፊት ያያታል። ኦኔሊያ ፈታ ስታየው ምክንያቱ ገባት። የፊተኛው መስታወት ብቻ ሳይሆን የውስጦቹም ፊትና ጀርባቸው ስስ ሽፋን ተቀብተዋል፤ የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ አጠገቡ ብርድ ልብስ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ሐምራዊ ብልጭ ይላል። ሥራው ብርሃኑ በመስታወቶቹ መሐል እየነጠረ እንዳይንከራተት ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ ነው። በዚያ ሌንስ ፀሐይዋን ከሰው ትከሻ ላይ አስቀምጠህ ብታነሳ ፀሐይዋም ፀሐይ ሆና፣ ሰውየውም ከነፊቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አርሴኒዮ ደስታውን አልቻለውም፤ ለአንድ ወር ያህል ያገኘውን ሰው ሁሉ፣ የሰፈሩን ውሻ ሳይቀር፣ ፀሐይ ላይ ደግፎ ሲያነሳ ከረመ።

ከዚያ ኩላሊቱን ታመመ። ሆስፒታል እንደተኛ ኤቬሊዮ መጣ። ኤቬሊዮም ፎቶ አንሺ ነው፤ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳ አበልጃቸው፣ ቤታቸው ሲገባ በር የማያንኳኳ ሰው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ "አበልጄ፣ ለአንድ ሠርግ ብቻ ሌንሷን አውሰኝ" አለ። አርሴኒዮም "ውሰዳት፤ ፀሐይን ሰላም በልልኝ" አለው። ኦኔሊያ ከአልጋው ማዶ ብርቱካን እየላጠችለት ነበር። በጆሮዋ ሰምታለች።

አርሴኒዮ ከሆስፒታሉ አልወጣም። ከቀብር መልስ ሰው ተሰብስቦ እንደተቀመጠ ኦኔሊያ ኤቬሊዮን በቀስታ ጠየቀችው፤ ሌንሷን ስትችል መልሳት፣ ለልጁ የአባቱ መታሰቢያ ትሆናለች ብላ። ሰውየው ፊቱን አሳዝኖ፣ ድምፁን ግን ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጎ "ውይ አበልጄ፣ አልነገረሽም እንዴ? እሷን እኮ ሸጦልኛል። ለመጠጥ ቸግሮት ነበር። ነፍሱን ይማረውና እንዳላሳፍረው ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አላት።

ዓይን ያወጣ ውሸት። አርሴኒዮ በወጣትነቱ ይጠጣ ነበር፤ ይህን ያላወቀ የለም። ልጁ ከተወለደ ወዲህ ግን ጠብታ አልቀመሰም፤ ይህን ያስታወሰ የለም። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤቷ ሚግዳሊያ፣ አፏ ከልብስ ማስጫው ገመድ የረዘመው ሚግዳሊያ፣ "ሱስ አይደል፣ ምን ያድርግ ምስኪን" አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ አርሴኒዮ በሰፈሩ አፍ፣ ሞት አልጋው ላይ ሆኖ ንብረቱን ለአረቄ የሸጠ ሰው ሆኖ ቀረ።

ኦኔሊያን ያቃጠላት ይሄ ነው። ሌንሷስ ትቅርባት! እሷ የምትፈልገው ኤቬሊዮ በዚያው አፉ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ያንን ቃል መልሶ ሲውጠው ማየት ነበር። ከዚህ ያነሰ ነገር አያረካትም። ዳኛ ጋ ብትሄድ ወረቀት የላት፣ ምስክር የላት። ስለዚህ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

ኤቬሊዮ ደግሞ በዚያች ሌንስ ሰው ሆነ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት የሚደገሰው ድግስ ከሠርጓ አያንስም። ቢራውና ኬኩ በኮታ ይመጣል፣ ቀሚሱ ከልብስ አከራይ በወረፋ ይወሰዳል፣ የሚበላው ተበልቶ ያልቃል። ፎቶው ግን ሳሎን ላይ ተሰቅሎ ልጅቷ አያት እስክትሆን ይኖራል። ኤቬሊዮ ልጃገረዶቹን ፑንታ ጎርዳ ላይ፣ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ካለው ከማሌኮን ግንብ ላይ ያስቀምጥና ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በትከሻቸው በኩል አድርጎ ያነሳቸዋል። ፀጉራቸው አንድ በአንድ ወርቅ ይሆናል፣ ፊታቸው ግን ጥርት ብሎ ይታያል። "የኤቬሊዮ ፀሐይ" ይባላል። ኦኔሊያ የማንንም ደጃፍ ረግጣ ስትገባ ግድግዳው ላይ ትጠብቃታለች። ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ እሷኑ ነው የምታየው፣ ልደት ተጠርታ እሷኑ። የቤቱ ሰዎች ደግሞ "አየሽ የአበልጅሽን እጅ?" ይሏታል። እሷ ኬኳን ትቆርሳለች።

የባሕር አየር ግን ስም አይቶ አያልፍም። ኤቬሊዮ ሌንሷን ከአንጸባራቂ ጫማዎቹ ጋር እርጥብ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር የሚያኖራት። ከዓመታት በኋላ ሻጋታ ገባባት፤ መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ተዘረጋ። መጀመሪያ በሽቶ አሻት፤ ሻጋታው ከውስጥ ነውና ለውጥ የለም። ሳንታ ክላራ ድረስ ይዟት ሄደ። እዚያ ያለው ጠጋኝ አገላብጦ አይቶ "ይቺን የምትፈታ እናንተው ከተማ አንዲት ሴት አለች" ብሎ መለሰለት። ያን ጊዜ የኤቬሊዮን ፊት ባየሁ ምን ነበረበት።

እናም መጣ። ፀጉሩን ቀብቶ፣ በስስ መሐረብ የጠቀለላትን ሌንስ ይዞ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

"አበልጄ፣ እንዴት ነሽ? ምነው፣ አምሮብሻል፤ ወፈር አልሽ ልበል?"

"ተቀመጥ ኤቬሊዮ። ምን ተበላሸ?"

"ያው የኔዋ ናት። ትንሽ አቧራ ቢጤ..."

ኦኔሊያ መሐረቡን ገለጠች። ያን ሁሉ ዓመት ስታልማት የኖረችው ሌንስ መዳፏ ላይ አረፈች። አርሴኒዮ በቢላ ጫፍ የጫራት ትንሽ ምልክት ሳይቀር ቦታው ላይ ናት። 

"አቧራ አይደለም፣ ሻጋታ ነው። አያያዝህ አያምርም።"

"አንቺ እያለሽልኝ ምን ጨነቀኝ። ለሮላንዶ ልጅ ድግስ ትደርስልኛለች?"

"የትኛው ሮላንዶ?"

"የሽሪምፕ ጀልባው ካፒቴን። ክንዱ የሰው ጭን የሚያህለው። ልጁ ያሚሌ አሥራ አምስት ልትሞላ ነው፤ ከኤቬሊዮ በቀር ማንም አያነሳኝም ብላ ቤቱን አምሳዋለች አሉ። ምን ላድርግ፣ ሕዝቡ አይለቀኝም።"

"ትደርሳለች።"

ኤቬሊዮ ሊነሳ ብሎ ጎንበስ አለ። "ያለፈው አለፈ፣ አይደል አበልጄ? አርሴኒዮም ቢሆን ሰው ነበር፤ ሰው ደግሞ ይደክማል።"

"ሥራ ላይ ነኝ ኤቬሊዮ" አለችው።

ከወጣ በኋላ ብዙ አሰበች። ጠፋች ብላ ብታስቀራት? ያን ጊዜ ሌባዋ እሷ፣ ተበዳዩ እሱ ይሆናል፤ አርሴኒዮም እንደሰከረ ይቀራል። አይሆንም። የሮላንዶ ክንድ ትዝ አላት። በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ካቻቢቴዋን አነሳችና ሌንሷን ፈታቻት። ሻጋታውን በአልኮልና በጥጥ ጠረገችው፣ ተነሳ። ሥሩ ያለው ሽፋን ደህና ነበር። ሐምራዊው እንደ ድሮው ብልጭ አለ። እዚያ ላይ ብታቆም ሌንሷ ድናለች።

አላቆመችም። ለተጫረ የሰዓት መስታወት የሚሆነውን ቀይ የማለስለሻ ዱቄት አወጣች፣ በውኃ አራሰችው፣ የውስጠኛዎቹን መስታወቶች እያነሳች ፊትና ጀርባቸውን ታሻቸው ጀመር። "አርሴኒዮ፣ አንተን ነው የምፈቀፍቀው፤ ቻለው" አለች፣ ጮክ ብላ።  አሸች። ሐምራዊው ደበዘዘ፣ ሳሳ፣ ጠፋ፤ የቀረው እንደ መጠጥ ብርጭቆ ነጭ ብቻ የሚያብለጨልጭ ራቁት መስታወት ነው። የፊተኛውን መስታወት ብቻ አልነካችውም። ከውጭ ለሚያይ ሌንሷ ያችው የድሮዋ ናት።

ኤቬሊዮ ሊወስድ ሲመጣ ወደ መስኮቱ አነሳት። እኛ ከተማ ሌንስ የሚመረጠው እንደ እንቁላል ነው፤ ወደ ብርሃን ታነሳለህ፣ ውስጡ ነጥብ ካላየህ ደህና ነው። ፎቶ አንሺው ሁሉ፣ ትልቅ ነኝ ባዩም፣ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሰውየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አገላበጣትና ፊቱ በራ።

"ከተሠራች ጀምሮ እንዲህ ጠርታ አታውቅም።"

"አታውቅም" አለች ኦኔሊያ። ይህቺ እውነት ነበረች።

ለወጉ ያህል ስቱዲዮው ውስጥ ሁለት ሕፃናትና አንድ ወታደር አነሳባት። ሁሉም እንደ መስታወት ጥርት ብለው ወጡ። ጥላ ውስጥ ማን ምን ይላታል? የምትታወረው ፀሐይ ፊት ነው፣ ፀሐይ ፊት ደግሞ ሊሞክራት አላሰበም። ምን ያሳስበዋል፣ የኤቬሊዮ ፀሐይ አይደለችም እንዴ?

የያሚሌ ቀን ኦኔሊያ ወደ ማሌኮን ሄደች። ማንም ሂጂ አላላትም። በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ገዝታ ግንቡ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ቤተሰቡ ተሰልፎ መጣ፤ እናትየው ማበጠሪያ ይዛ፣ ሮላንዶ በማይመቸው ሸሚዝ ታንቆ፣ አክስቶቹ የቀሚሱን ጫፍ ከአሸዋው አንስተው። ቀሚሱ ቢጫ ነበር። ያሚሌ ቀጭን ረጅም ልጅ ናት፣ የዚያን ቀን ደግሞ አማረባት፤ ኤቬሊዮን የምጠላው እኔ እንኳ አልክድም። ኦኔሊያን ስታይ ከሰልፉ ወጥታ መጣች። ጉንጯን ሳመቻትና፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደሚጠሯት፣ "አክስቴ ኦኔሊያ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አምሮብኛል?" አለቻት።

"አምሮብሻል" አለች ኦኔሊያ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብትተነፍስ ይበቃ ነበር። በሌላ ሌንስ አንሳት፣ ወይ ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርግ ብትል ልጅቷ ፎቶዋን ታገኛለች። ኦቾሎኒዋን ፈለፈለች። ኤቬሊዮ "አገጭሽን ቀና፣ የኔ ንግሥት፣ ባሕሩን እርሺው፣ እኔን እይ" እያለ ይሽከረከራል። የሶቪየቱ ካሜራ የሚያሳየው በሌንሱ በኩል አይደለም፣ ከላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። ስለዚህ ሰውየው በመስኮቷ ቁልጭ ያለች ልጃገረድ ያያል፣ ከሥሩ ሌንሷ ነጭ ጉም ትቀዳለች። ጀንበሯ ውኃው ላይ እስክትቀመጥ አንድ ጥቅል ፊልም ጨረሰ። ኦኔሊያ ወረቀቱን ጨብጣ ጣለችና ወደ ቤቷ ሄደች። ደስ ብሏት ነበር። ልጅቷን አላሰበቻትም፤ ላለማሰብ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

የቀለም ፊልም የሚታጠበው ሃቫና ነው፣ ተልኮ እስኪመለስ ሰው ያረጃል። ቀሚሱ ወዲያው ተመልሶ ለሌላ ባለ ተራ ተሰጥቷል፣ ኬኩ ተበልቷል።

ፎቶዎቹ ከሃቫና የመጡ ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከኦኔሊያ ደጅ ካለችው ዛፍ ሥር ወንዶቹ ዶሚኖ ያንኳኳሉ፣ ሚግዳሊያ ልብስ ታሰጣለች። ሮላንዶ ካሜራውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ኤቬሊዮን ክርኑን ይዞ፣ እንደ ጆንያ እየጎተተው መጣ። ያሚሌ ፖስታ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ዶሚኖው ቆመ።

"አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ይለኛል" አለ ሮላንዶ። "እኔ ባሕር ላይ ነው የምኖረው፣ ይሄን ነገር አላውቅም። እይውና ንገሪኝ።"

ፖስታውን ገለበጠው። ፎቶዎቹ ዶሚኖው መሐል ተበተኑ። ፀሐይ የለችም፣ ባሕር የለም። ነጭ ጉም፣ ጉሙ ውስጥ ቢጫ ጥላ፣ ጥላው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የተደረደሩ የብርሃን ክቦች፣ ሰባራ ዶቃ የመሰሉ። ፊት የለም። ሚግዳሊያ እርጥብ አንሶላ ትከሻዋ ላይ እንዳለ መጥታ አየችና አማተበች።

"እሷ ናት!" አለ ኤቬሊዮ። "ሌንሷን ሰጠኋት፣ በቂም ገደለችብኝ።"

ኦኔሊያ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ሌንሷን አምጣት።" ከካሜራው ነቅላ ለሮላንዶ ሰጠችው። "ወደ ላይ አንስተህ እያት። ቆሻሻ አለባት?"

ሮላንዶ አነሳት፣ ወንዶቹም እየተቀባበሉ አዩዋት። "ንጹሕ ናት፣ እንደ ውኃ" አሉ።

"በቂም ነው የምትለው" አለች ኦኔሊያ ወደ ኤቬሊዮ ዞራ። "ከኔ ጋር ምን አለህና ነው ቂም የምይዝብህ? ለሰዉ ንገረው።"



ሮላንዶ የኤቬሊዮን ክንድ ጨበጥ አደረገው። "እኔ የሴትዮዋን አላውቅም። የተዋዋልኩት ካንተ ጋር፣ ያነሳኸው አንተ፣ ሌንሱም ያንተ። ልጄ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት የላትም። ማን ነው ኃላፊው? ያንተ ሌንስ አይደለም?"

ፈሪ ሰው ሲጨንቀው የቀረበውን በር ነው የሚያንኳኳው። ኤቬሊዮ ላብ አጠመቀው። "የኔ አይደለችም" አለ። "ወንድሜ ሮላንዶ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ የኔ ዕቃ አይደለችም። የአርሴኒዮ ናት። ለአንድ ሠርግ ብሎ አዋሰኝ፣ በዚያው ሞተ፣ እጄ ላይ ቀረች። ድሮም የታመመች ሌንስ ብትሆንስ? እኔ በሰው ዕቃ ልጠየቅ?"

 ከዚያ ሚግዳሊያ አንሶላዋን ከትከሻዋ አወረደች።

"ለአረቄ ሸጠልኝ አላልክም እንዴ? ከቀብር መልስ፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ?"

"እሱ... ያኔ..."

"ድገመው" አለች ኦኔሊያ። ዝግ ብላ ነው ያለችው። "አርሴኒዮ ምን አደረገ? ሸጠ ወይስ አዋሰ?"

ኤቬሊዮ የሮላንዶን ክንድ አየ፣ ሰዉን አየ። "አዋሰኝ" አለ።

"ጠጥቶ ነበር?"

"አልጠጣም ነበር።"

"ጮክ በል። ያኔ ጮኸህ አልነበር?"

"አልጠጣም ነበር! አዋሰኝ፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋት!"

ከዶሚኖ ተጫዋቾቹ ትልቁ ሰውዬ መሬት ላይ እንትፍ አለ። ሌላው "ለክርስትና ልጅህም ይሄንኑ ንገረው፣ አሳማ" አለው። ሮላንዶ ኤቬሊዮን ለቀቀው፤ የያዘውን ነገር የተጸየፈ ይመስል እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሰውየው እያየነው መንገዱን ይዞ ሄደ፣ ማንም ደህና ዋል አላለውም። ከዚያ ወዲህ ከተማችን ውስጥ ልጁን ወደ ስቱዲዮው ይዞ የሄደ ሰው አላውቅም። ኦኔሊያ ሌንሷን ከሮላንዶ እጅ ተቀብላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ውስጧ እንደ ቆላ ዝናብ ፈሰሰ፤ ያን ሁሉ ዓመት የታነቀችበት ነገር በአንድ ጊዜ ወረደላት። ሳቋ መጣ። እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች።

ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን ያሚሌ ቀረች። ፎቶዎቹን ከዶሚኖው መሐል አንድ በአንድ ለቅማ ፖስታው ውስጥ መለሰቻቸው።

"አክስቴ ኦኔሊያ፣ አሁን ሌንሷ ያንቺ ናት፣ አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አስተካክይና አንቺ አንሺኝ። ቀሚሱ ባይኖርም በዚህም ይሁን። ፀሐይዋ ካለች ይበቃኛል።"

"አትስተካከልም።"

"ለምን?"

"ፀሐይዋን የምትችልበት ሽፋን ነበራት። ወጥቷል። እሱ ደግሞ ባሕር ማዶ ፋብሪካ ውስጥ የሚቀባ ነው፣ እዚህ አገር መልሶ የሚቀባው የለም።"

"ማን ነው ያወጣው?"

ኤቬሊዮ ብትል ያልቅ ነበር። የዚያን ቀን በኤቬሊዮ ላይ የሚነገር ነገር ሁሉ ይታመናል። ግን ኦኔሊያን ያን ሁሉ ዓመት ያነቃት በሌለ ሰው ላይ የተወራ ውሸት ነበርና እንዲህ ያለውን ቃል ለማውጣት አፏ አልታዘዝላት አለ።

"እኔ ነኝ።"

"አውቀሽ?"

"አውቄ።"

ልጅቷ አልጮኸችም። ቆማ አየቻት። "እዚያ ነበርሽ" አለች። "ኦቾሎኒ ትበዪ ነበር። አምሮብሻል አልሽኝ።"

"አምሮብሽ ነበር" አለች ኦኔሊያ።

"የት አለ ታዲያ?"

 ያሚሌ እጇን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። "ስጪኝ።"

"ያሚሌ..."

"በኔ ቀን ነው ያስመለስሻት። ስጪኝ።"

ኦኔሊያ ልጅቷን ዓይኗ ውስጥ አየቻት፤ ያየችውንም አወቀችው፣ ከቀብር መልስ ወንበሯ ላይ ሆና የተሸከመችው ያው ነገር ነው። ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። ሌንሷ ኦኔሊያ ኪስ ውስጥ የቆየችው ሰዉ እስኪበተን ድረስ ብቻ ነበር።

ልጅቷ ቀጥ ብላ ወደ ማሌኮን ሄደች፣ ኦኔሊያም ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ጀንበሯ ዘቅዝቃለች። ያሚሌ ግንቡ ላይ ወጣች፣ ሌንሷን ዓይኗ ላይ አድርጋ ፀሐይዋን በሷ በኩል ትንሽ አየች። ከዚያ ክንዷን ወደ ኋላ ወስዳ ወረወረቻት። የሽሪምፕ አጥማጅ ልጅ ናት፣ ሌንሷ ሩቅ ነው የሄደችው። ኦኔሊያ የግንቡን ድንጋይ ያዘች። ስትሞት ከባሏ ጎን አብራት እንድትቀበር የፈለገቻት ነገር ነበረች።

ያሚሌ ወርዳ በአጠገቧ ስታልፍ ቆም አለች። "ለአባቴ አልነግረውም" አለች፣ በጨዋ ድምፅ። "አንቺና እኔ ብቻ እንወቀው። ደህና እደሪ አክስቴ።"

ኦኔሊያ ስትመለስ ሚግዳሊያ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር፣ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ። "አርሴኒዮ ለካ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው ኖሯል" አለቻት። "ይቅር በይን፣ ሰፈሩ ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው።" ይህንን ቃል ለመስማት ነበር ያን ሁሉ ዓመት ጥርሷን ነክሳ የጠበቀችው። ሰማችው። "አመሰግናለሁ" ብላ ገባችና በሩን ዘጋች፤ ያሚሌ ነገ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የምታልፈው በዚሁ ደጅ እንደሆነ እያሰበች።